የምድጃው ዕዳ

የሰፈሩ ሰው ዳቦ ጋጋሪዋን «ሻለቃ» ይላታል። ልጇ ወታደር ከሆነ ወዲህ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ቀጥ በል! አትጋፋ!» እያለች ታሰልፈዋለችና። የሚቀየማት የለም፤ ዳቦዋ ትኩስ ነው፣ ምላሷም የዚያኑ ያህል።

የዳቦ ምድጃውን የገዛላት ይኸው ልጇ ነው፣ በስሙ ከባንክ ተበድሮ። ዕዳውን ሳይጨርስ ጦር ሜዳ ታዘዘ። ሊሄድ ሲል አስቀምጦ አስረዳት፤ ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ብድሩ ወለድ አይቆጠርበትም፣ ንብረቱም አይወረስበትም፣ ሕግ አለ። እስክመለስ አንዲት ሳንቲም እንዳትከፍይ፣ ወገብሽን አሳርፊ ብሎ አስጠነቀቃት።

እሺ አለችው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ገና አውቶቡሱ ከዓይኗ ሳይርቅ ለመክፈል ወሰነች። የእናት ነገር፤ ልጄ ከዚያ እሳት ወጥቶ ሲመጣማ ዕዳ በር ላይ ቆሞ አይጠብቀውም አለች። ሊጥ የምታቦካላትን ሴት አሰናብታ ብቻዋን አቦካች። የወርቅ ጉትቻዋን ሸጠች። ማታ ማታ ያበጠ ክንዷን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ታቃስታለች። ይህን የሚያውቀው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር። ንገሪው እንጂ፣ ሰው እንዴት ከገዛ ልጁ ይደብቃል ቢላት፣ አንተ መርፌህን ያዝ አለችው።

ልጇ በየእሁዱ ይደውላል። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃት ያው አንድ ነገር ነው፦ ባንኮቹ መጡ እንዴ? እሷም ልቡ እንዲያርፍላት ብላ፣ ደግሞም ትንሽ ጉራ ስለምትወድ፣ «ምን ቆርጧቸው ይመጣሉ! አንተ እዚያ እስካለህ ማን ይነካኛል?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

ዓርብ ዕለት የመጨረሻውን ከፈለች። የባንኩ ሠራተኛ ከወንበሯ ተነስታ እጇን ጨበጠቻት። የልጇ የአገልግሎት ጊዜ በሚቀጥለው ወር ያበቃል። ሲመጣ በዓይኔ እያየሁት እነግረዋለሁ ስትል የቆየችው እናት አሁን ሆዷ አልችል አላት፤ እሁድ ሲደውል ልትነግረው ቆረጠች። ያን ቀን ምድጃውን አጥፍታ፣ ንጹህ ልብሷን ለብሳ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ልብስ ሰፊውም የምሥራቹን ሊሰማ ደጅ ላይ ቆሟል።

ስልኩ ጮኸ። አፏን ሳትከፍት ልጇ ቀደማት።

«እማዬ፣ ደስ ይበልሽ። ትናንት ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ውትድርና ፈረምኩ። ብወጣ እኮ የሕጉ ከለላ ያበቃል፤ መጥተው ምድጃሽን ይወስዱት ነበር። አሁን ማንም አይነካሽም።»

የፈረመ ሰው ሐሳቡን ቢቀይርስ ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት፤ አንዴ ከተፈረመ አለቀ አላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አሁን ብትነግረው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ምሽግ ውስጥ በከንቱ፣ በከንቱ እያለ ሊያድር ነው። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«ምድጃው ደህና ነው አይደል?» አላት።

«ደህና ነው ልጄ። አንተ እዚያ እስካለህ ማን ይነካዋል?»

ስልኩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊው ፈገግ ብሎ አንገቱን አስገባና ደስ አለው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«በጣም ደስ ብሎታል» አለችው። ከዚያ በንጹህ ልብሷ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።