ከወልዲያ የበራው ቀይ መብራት

እማማ የሺ ዓይን ያለውን ማሽን አያምኑም። የልጅ ልጃቸው ኤደን በምትሠራበት የመርሳ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮፎኑ ሥር የተቀመጠው ጥቁር ሳጥን ደግሞ ሦስት ዓይን አለው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት። ከጀርባው የወጣው ቀጭን ሽቦ ጣራ ላይ ካለው ሳህን ጋር ይገናኛል፤ ሳህኑ ወልዲያ ካለው ዋና ስቱዲዮ ጋር። እዚህ የተነገረው መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል፤ ከዚያ ለአገር ይበተናል።

«ወልዲያ ያለ ሰው እዚህ ያለነውን ያየናል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር አንድ ቀን።

«አያይም፣ እማማ። ይሰማል እንጂ።»

«እሱ ይብሳል።»

ከእሑድ ወዲህ ክፉ እንዳያገኛት ኤደንን ብቻዋን አይተዉም። የእህታቸው የልጅ ልጅ ፀዳለ፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ አጎቷ ሞላ ለአንድ የሐራ ባለ ሀብት ሊድራት ቀን ቆርጦ ከሲሪንቃ በእግሯ ጠፍታ መጥታባቸዋለች። እሳቸው ቤት ማስቀመጥ አይታሰብም፤ ሞላ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትኖረው ጎረቤታቸው ሁሪያ ናት እህል ከምታኖርበት ጓዳ የደበቀቻት። ሰኞ ጠዋት የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ይዘዋት ሊቀርቡ ቀጠሮ አላቸው። እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሞላ ግን ከትናንት ጀምሮ ሁለት ጎረምሶች ይዞ፣ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት መናኸሪያው በር ካለችው፣ ሬዲዮ ከማይዘጋባት ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚወርደውን የሚሳፈረውን ይቆጥራል።

አርብ ቀትር ላይ መስመሩ ተቋረጠ። አረንጓዴው መብራት ጠፋና ቢጫው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ነፋሱ ሳህኑን አዙሮታል» አለች ኤደን መሰላሉን እየጎተተች። «እማማ፣ እዚህ ቁጭ ይበሉና ይዩልኝ። ቢጫው ወልዲያን እየፈለገ ነው። አረንጓዴው ሲበራ ተገናኘን ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይጥሩኝ። ቁልፎቹን ግን አይንኩ።»

«ቀዩስ?» ሊሏት ሲሉ መሰላሉ ላይ ወጥታለች።

እማማ የሺ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከላይ ቆርቆሮው በተንቋቋ ቁጥር ልጅቱ የወደቀች እየመሰላቸው ይሳቀቃሉ። ድንገት ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴው በራ።

«መጣ፣ ኤደን። አረንጓዴ ሆነ» አሉ በመስኮት።

«ተመስገን። ላጥብቀውና ልውረድ።»

ዞር ሲሉ ቀዩ በርቷል። ማንም አልነካውም። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። ኋላ ግን የቤታቸው ቴሌቪዥን ትዝ አላቸው፤ ሲዘጋ ቀይ ነጥብ ብቻ ይቀርበታል። «ተኝቷል ማለት ነው» ያለቻቸው ራሷ ኤደን ናት። ይኼም ተኝቷል፣ ብለው ተጽናኑ።

ስልካቸው ጠራ። ሁሪያ ናት።

«እትዬ የሺ፣ ሰላም ዋሉ? ልጅቱ እህል አልቀምስ አለችኝ። እንዲሁ ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ፤ ብቻ እንዳትወጣ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው። «የጓዳሽን በር ከውጭ ቆልፊው፣ ሁሪያ። ፀዳለ አንቺ ዘንድ መሆኗን ሞላ ከሰማ ሰኞን አታያትም። እዚህ መናኸሪያው ነው ያለ፤ ካንቺ ደጅ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም።»

በስልኩ ውስጥ፣ ከሁሪያ ትንፋሽ ኋላ፣ አንዲት አሮጊት ስትናገር ሰሙ። ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም፣ ትላለች።

«ማናት እሷ?»

ማናት እሷ፣ አለች አሮጊቷም፣ ዘግየት ብላ።

«ለዜናው ብዬ ሬዲዮኑን ከፍቼ ነበር» አለች ሁሪያ። «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ የሺ። ሬዲዮኑ ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት። ያ አላህ።»

ድምፃቸውን ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሰምታ ከጣራው የወረደችው ኤደን በሩን በርግዳ ገብታ ቁልፉን ተጫነች። ቀዩ ጠፋ። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ፤ የወልዲያው ቴክኒሻን ዛኪር ነበር።

«ኤደን፣ ምንድን ነው የሰማሁት? ዜናው ደርሶ ነበርኮ። አረንጓዴ ሳይ ዝግጁ መስለሽኝ ማይኩን እኔ ነኝ ከዚህ የከፈትኩት።»

ኤደን ስልኩን ዘጋችው።

«የተነገረውን መመለሻ ቁልፍ የለውም?» አሉ እማማ የሺ።

«የለውም፣ እማማ።»

በመስኮቱ ሲያዩ ሞላ ከተቀመጠበት ተነሥቷል። መርሳ ውስጥ ስንት ሁሪያ አለ፤ የትኛዋ እንደሆነች አንድ ባለ ባጃጅ እየጠየቀ ነው። ባለ ባጃጁ ጭንቅላቱን አከከ፣ አሰበ፣ ከዚያ እጁን አንሥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጠቆመ።

«ክፈቺው» አሉ እማማ የሺ።

«ምኑን?»

«ቀዩን። ከፍተሽልኝ አንቺ ሩጪ፤ ሁሪያን ብቻዋን አትተያት።»

ኤደን ተጫነችና ወጣች። እማማ የሺ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«ቅድም የሰማችሁኝ፣ አሁንም ስሙኝ። የሺ ነኝ። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁሪያ ቤት ናት፤ ከእንግዲህ አልደብቅም። አጎቷ ሞላ ሊወስዳት እየሄደ ነው። አንድ ነገር ብትሆን ማን እንዳደረገው ሀብሩ ወረዳም ወልዲያም ሰምቷል። ልጅ የወለዳችሁ፣ እባካችሁ እዚያ በር ላይ ቁሙልኝ።»

ቀና ሲሉ ሰው ከየሱቁ እየወጣ ነው። ሁሉም ወደ ወፍጮ ቤቱ ያዘግማል። ለማን ብሎ እንደሚሄድ ግን ከጀርባው አይታወቅም።

ስልካቸው እንደገና ጠራ።

«እትዬ የሺ፣ በሩ ተንኳኳ» አለች ሁሪያ በሹክሹክታ። «በቀዳዳ አየሁ። ብዙ ናቸው።»

«ኤደን ደርሳለች?»

«አላየኋትም። ሞላ ከፊት ቆሟል። ከኋላው ሴትም አለ፣ ወንድም አለ። ዱላ የያዘ አለ። ለማን እንደመጡ አላውቅም። ልክፈት?»

«አትክፈቺ» አሉ እማማ የሺ። ስልኩን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጉት። «ከውስጥ ሆነሽ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። እኔ እዚህ እየደገምኩ ለአገሩ እናገራለሁ።»

ሁሪያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

«ኤደን ነኝ» አለ ከሰዉ መሃል የደረሰ ድምፅ፤ «በሩ ላይ ልቆም መጣሁ።» እማማ የሺ ስሟን ለአገሩ ደገሙት።