በሞቀው ኩሬ ውስጥ

"ሚጣ፣ በቃሽ! ልትጨርሺያቸው ነው እንዴ?" አለ የሽሪምፕ አርቢው፣ እህቱ መረቡን እንደገና ወደ ኩሬው ስትሰድ።

ያሳደጋት እሱ ነው። ዛሬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ብትሆንም ለእሱ ያው ሚጣ ናት። ሰሞኑን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የኩሬው ውሃም ለብ ካለ ሰንብቷል። ሽሪምፖቹ፣ እነዚያ ባለ ብዙ እግር የውሃ ፍጥረቶች፣ ግን ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ሲነኳቸው ይፈናጠራሉ። ማደጉ ላይ ነው የለገሙት። አርቢው ጥፋቱን ሁሉ በመኖ ነጋዴው ላከከና መኖ ቀየረ። ነገ ማታ ደግሞ አዳዲስ የሽሪምፕ ጫጩቶች ሊጨምርበት ነው።

"እያቸው እስቲ፣ ከእኔ አይሻሉም?"

"እርስዎማ መች ደህና ሆኑ፣ ጋሼ!" ብላ ሳቀች። ከሽሪምፖቹ መተንፈሻ፣ ከዚያች ላባ ከምትመስለው፣ ቆንጠር አድርጋ በበረዶ በተከበበ ብልቃጥ ከተተች። "ነገ ረፋድ ላይ ላቦራቶሪ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።"

በማግስቱ ጭቃ የጠገበ ቦቲውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። እህቱ ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ።

"ይቺ ዘግይታ የተነሣችው፣ የእነዚያ እዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሉት ሽሪምፖች ናት። ይቺ ቀድማ ሽቅብ የወጣችው የእርስዎ ሽሪምፖች ናት። ቀድማ በተነሣች ቁጥር ትእዛዙ በዝቷል ማለት ነው።"

"የምን ትእዛዝ?"

"የድረሱልን። ሙቀት ሲበረታ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ነገር መላላት፣ መፍረስ ይጀምራል። ያኔ በዚያ ትእዛዝ እያንዳንዷ ሕዋስ ደጋፊ ፕሮቲን ታመርታለች፤ የላላውን ደግፎ የሚይዝ። የሚበሉት ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል። በምን ይደጉ?"

አርቢው ወደ መስመሯ ጠጋ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ዳር ኖሯል፤ ሽሪምፕ ሲታመም በቀለሙ፣ በአዋኛኘቱ ያውቃል። ይህን ግን ማን ያያል? ጣት በማታህል ፍጥረት ውስጥ ስንት እልፍ ደጋፊ ቀን ከሌት ተሸክሞ ቆሟል! ከላይ ውሃው ጸጥ ብሎ፣ እሱ ዳር ቆሞ ነጋዴውን ሲራገም። ሰውነቱን ውርር አደረገው።

"ይሄ ሁሉ... ድምፅ ሳያሰሙ?" አለ በሹክሹክታ።

"ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጋሼ። ግን አቅማቸው ልክ አለው። ጥላ እንዘርጋላቸው፣ ከጉድጓዱም ቀዝቃዛ ውሃ እንጨምርላቸው።"

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጫጩት አስፈልፋዩ ደወለ።

"የዛሬውን ጫጩት አታምጣ።"

"ምነው? ሞቱብህ እንዴ?"

አርቢው ስክሪኑን አየ።

"ኧረ አልሞቱም" አለ። "ሥራ ላይ ናቸው። ሌላ አልጭንባቸውም።"