ቁርስ የምንለው ፊርማ

በቅርንጫፋችን ስሜ እመት ደንብ ነው። ያወጡልኝ ወጣቶቹ ናቸው፤ ከኋላዬ ይሉኛል፣ እኔም እንዳልሰማ እሆናለሁ። ደንበኛ አቁሞ ስልክ የሚያወራ ገንዘብ ከፋይ ካየሁ እናገራለሁ። ማህተም ከመሳቢያ ውጪ ካደረ እናገራለሁ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት የባንክ ሥራ ፋይሌ ውስጥ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልገባም፤ ይህንንም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ነገሩ የመጣው እንግዲህ ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ሲቀረኝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁርስ ልንገራችሁ። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ውል ሲገባ አንድ ሠራተኛ ውሉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ሌላ ሠራተኛ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል። ደንበኛው አውራ ጣቱን ያትማል፤ ያነበበው በአንባቢ መስመር፣ የሰማው በምስክር መስመር ይፈርማሉ። ጥሩ መመሪያ ነው። ችግሩ ሰልፉ ነው። ሰልፉ በር ላይ ደርሶ ማን ከመስኮቱ ተነስቶ የሌላውን ንባብ ያዳምጣል? ስለዚህ ጠዋት በሩ ሳይከፈት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሃያ ሃያ ባዶ ቅጽ ላይ በምስክር መስመር ቀድሞ ይፈርማል። ቁርስ የምንለው ይህንን ነው። "እትዬ፣ ቁርስ?" ይለኛል የጎረቤት መስኮት ልጅ፤ ሃያውን እፈርምለታለሁ፣ ሃያውን ይፈርምልኛል። አዎ፣ እመት ደንብ የተባልኩት እኔው ነኝ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ጥፋት አይመስልም።

ልጁን ፈጣኑ እንለዋለን። እጁም አፉም ፈጣን ነው፤ ሌላው በወር የማይሞላውን የአዲስ ተቀማጭ ኮታ እሱ በሁለት ሳምንት ይሞላል። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው ያነሳዋል።

አንድ ሰኞ ልብስ ሰፊዋ መስኮቴ ላይ መጡ። ከባንኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት የሰፉ ሴት ናቸው፤ የጥበቃዎቻችን የደንብ ልብስ ሳይቀር በእጃቸው አልፏል። ፊደል አይለዩም፣ በቁጥር ግን እኔንም ይበልጡኛል።

"ልጄ፣ ገንዘቤን ልወስድ ነው" አሉኝ። "ባለቤቱ ክፍሉን ሊሸጠው ነው። እስከ ቅዳሜ ከከፈልሽ ላንቺ፣ ካልከፈልሽ ለሌላ ብሎኛል።"

ሂሳባቸውን አየሁ። ያላቸው በሙሉ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይነካም። ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"እንዲህ ያለ ነገር ማን ነገረኝ?" አሉ። "ያ ልጅ 'ወለዱ ይበዛልዎታል፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ያድርጉ' አለኝ፣ አደረግሁ። ያነበበልኝ የለም።"

ፋይሉን አስመጣሁ። አሻራቸው አለ፣ የፈጣኑ ፊርማ አለ፣ ከሥሩ የእኔ አለ። ቀጥሎ ያልኩትን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። የራሴን ፊርማ ሳይ ልቤ ሞላ። "እትዬ፣ ይኸው እኔ ራሴ ፈርሜያለሁ" አልኳቸው። "እኔ ከፈረምኩ ተነብቦልዎታል ማለት ነው። ረስተውት ይሆናል።"

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

"አንቺ አልነበርሽም" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ወንበርሽ ባዶ ነበር። ያን ቀን እህትሽን ልትቀብሪ ሄደሻል። ጠዋት ጥቁር ቀሚስሽን ሰፍቼ ሰጠሁሽ፣ ከሰዓት እዚህ መጣሁ።"

የውሉን ቀን ያኔ አየሁት። ያን ዕለት ቁርሱን ፈርሜ እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ ነበር ስልክ የተደወለልኝ። ሥራ አስኪያጁ "ይሂዱ፣ ፈቃዱን በኋላ እንሞላዋለን" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሞላውም። ታናሽ እህቴ አፈር ስትለብስ የእኔ ፊርማ እዚህ ተቀምጦ ውል ሲነበብ ይሰማ ነበር። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "የቅሬታ ቀን ረቡዕ ነው፤ ይምጡ፣ ይታያል" የሚል ነው።

ሥራ አስኪያጁ እኔንና ፈጣኑን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። "ረቡዕ ከባንኮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቅሬታ መርማሪ ትመጣለች" አለ። "በመዝገብ ደረጃ ያን ቀን እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ። ነበርኩ ካሉ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አልነበርኩም ካሉ ሦስታችንም ነን የምንቃጠለው። ሰባት ወር ነው የቀረዎት፤ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ።"

ፈጣኑ ጥግ ላይ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ተናገረ። "እትዬ፣ ሚስቴ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።"

"እሷንም አቻኩለሃት እንዳይሆን" አልኩት። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም።

እስከ ረቡዕ በእሱ ላይ ለመናደድ ሞከርኩ። ያዳከመኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ ልጁ የሠራው በሰጠሁት ፊርማ ነው። ዝም ልበል ብዬም አሰብኩ፣ ለምን እዋሻለሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ያላቸው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።

መርማሪዋ የልጄ እኩያ ናት። ቅጹን ወደ እኔ አዙራ፣ "ውሉ ሲነበብ ነበሩ?" አለችኝ።

"አልነበርኩም" አልኩ። ከዚያ ስለ ቁርስ ነገርኳት፣ የእኔንም የሌላውንም። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን ያያል።

መርማሪዋ ጽፋ ጨረሰችና፣ "በመዝገቡ ግን ነበሩ" አለች። "የእርስዎ ቃል ብቻ ከሆነ ባንኩ ይከራከራል፤ ክርክሩ ደግሞ ወር ይፈጃል። ሌላ ማስረጃ አለ?"

ለካ ማስረጃው ያለው በር ላይ ተቀምጠው ከሚጠብቁት ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። መጻፍ ስለማይችሉ ሥራቸውን የሚመዘግቡት በራሳቸው መንገድ ነው። ከግድግዳ በየቀኑ የሚቀደደውን የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አይጥሉም፤ ያን ቀን ከሰፉት ጨርቅ ቁራጭ ቆርጠው በስፒል ይወጉበታል፣ ከጎኑ ልኩንና ዋጋውን በቁጥር ያሰፍራሉ። ነገሩ ሲነገራቸው ወደ ክፍላቸው ሄደው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አቅፈው ተመለሱ። ቅጠሎቹን እያወጡ በጠረጴዛው ላይ ደረደሩና የዚያን ቀኑን ለመርማሪዋ ሰጧት። ጥቁር ጨርቅ ተወግቶበታል። ከጎኑ የትከሻዬ፣ የደረቴ፣ የወገቤ ልክ አለ። መርማሪዋ ቅጠሉ ላይ ያለውን ልክ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩት ከእኔ ጋር አስተያየች።

"ሌሎቹ ላይ ዋጋ አለ" አለች ቀጥላ። "እዚህ ላይ ለምን የለም?"

"ለቀብር ልብስ አላስከፍልም" አሉ ልብስ ሰፊዋ።

የቀሚሱን ዋጋ አለመክፈሌን እስከዚያች ደቂቃ አላስታወስኩም ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እኚህን ሴት ነው "ረስተውት ይሆናል" ያልኳቸው።

ቅጠሉ ከነስፒሉ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጥንቃቄ በኖረው ስሜ ላይ የወገቤ ልክ በመንግሥት መዝገብ ሰፈረ። ዓርብ ውሳኔው መጣ፤ ያልተነበበ ውል አይጸናም፣ ገንዘቡ ሳይቀነስ ይመለስ። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ክፍላቸውን ገዙ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፣ ፈጣኑ የሦስት ወር ደመወዙ ተቆረጠበት። እኔ የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፤ ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ እስከ ጡረታዬ ምድር ቤት ካለው መዝገብ ክፍል ተመደብኩ። ጡረታዬም በዚያው ልክ ቀነሰ። አላስከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ በጣም ከፍቶኛል።

ከወር በኋላ የጥበቃው ሰው ወርዶ "ላይ ይፈልጉዎታል" አለኝ። ልብስ ሰፊዋ የተረፈቻቸውን ገንዘብ ይዘው ፈጣኑ ፊት ተቀምጠዋል። እሱ ስለዚያው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ አስረድቷቸው፣ ቅጹን ባዶውን አስቀምጦ፣ እኔ ምስክር ሆኜ እስክመጣ ጠብቋል። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማንበብ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል ሳይዘል። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዱ "ውል ነው ወይስ ተረት?" ሲል ሰማሁት። እኔም እውነቱን ለመናገር ያንን ውል ከላይ እስከ ታች ሲነበብ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን አነሱ። "ይቺን ድገማት።"

ፈጣኑ ደገማት። ጊዜው ሳይደርስ ማውጣት አይቻልም የምትለዋ ናት።

"እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ" አሉ። "በፈለግሁ ጊዜ የማወጣበት ሂሳብ ላይ አድርግልኝ።"

ፈጣኑ ኮታውን እያሰበ መሆኑ ከፊቱ ይታይ ነበር፤ ቢሆንም "እሺ፣ እትዬ" አለና ቅጹን ቀደደው። እኔ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ይዣለሁ። የምፈርመው ነገር አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ሲነሱ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "ዛሬ ነበርሽ" አሉኝ።

መዝገብ ክፍሌ ወርጄ በሩን ዘጋሁና እህቴ ከተቀበረች ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።