አታሟርት!

የመርካቶ ጎጃም በረንዳ ሰው መንገደኛ ሲሸኝ ክፉ ቃል ካፉ አይወጣም። ጎማ ቢፈነዳ እንኳ «ፈነዳ» አይልም፤ «ትንሽ አረፍ አለ» ይላል። በዚህ ነገር ደግሞ ቅቤ ነጋዴዋን እትዬ ሙሉነሽን የሚያህል የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ልጅ ውብሸት ነው፤ እሱም ሾፌር ሆነና አረፈው። ልጇ መንገድ በሚወጣ ቀን በደጇ ውሻ ቢያላዝን በድንጋይ ታባርራለች፤ ጎረቤት ቢያስነጥስ ትቆጣለች።

ውብሸት የሚነዳው ፒካፕ ሆዱ ዝቅ ያለ ነበር። የጎጃምን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባድ መኪና ግራና ቀኙን ሲቦረቡረው መሀሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ፒካፑ እዚያ ላይ በሆዱ እየተኛ ስንቴ በሰው ትከሻ ተገፍቷል! ልጁ ሲመረው መኪናውን ይዞ ሰባተኛ ሰፈር አጠገብ ጋራዥ ወዳለው ወደ አስናቀው ሄደ።

«ጋሼ አስናቀው፣ በናትህ ከፍ አድርግልኝ» አለው።

አስናቀው የመኪናውን ክብደት ከሥር በሚሸከመው ብረት ላይ ሌላ ባሌስትራ ደረበበት፤ መኪናውም ከመሬት ተነሳ። ውብሸት ዙሪያውን እየዞረ «ይኸው አሁን ወንድ ሆነ!» እያለ ቆርቆሮውን መታ መታ አደረገው። ደስታው ግን ሲኒማ ራስ እንኳ በቅጡ አልደረሰም። መሪውን ላላ ሲያደርግለት መኪናው ወደ ግራ ጥርግ ይላል። ሳምንት ሳይሞላ የፊት ጎማዎቹ ባንድ ጎናቸው ብቻ ተበልተው የሸፋፋ ሰው ጫማ መሰሉ።

አስናቀው ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥሮ ለካ። መኪናው ከፍ ሲል የፊት ጎማዎቹ ተንጋደዋል። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፈትቶ አስተካከለው፤ ባዶውን ሲነዳው ቀጥ አለ። ጆንያ ጭኖ ሲሞክረው ግን ሲባጎው እንደገና ሳተ። የጀመረው ሥራ ሳያልቅ ከእጁ ሲያመልጥ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነበርና ፊቱ ጠቆረ።

«ውብሸት፣ ዘንጉ ራሱ ደክሟል። ሌላ እስካገኝልህ ታገስ፤ ጭነት ይዘህ አትውጣ።»

«ፋሲካ ይታገሰኛል እንዴ ጋሼ? ቅቤው አሁን ከጎጃም ካልመጣ ለማን ሊሸጥ ነው?» አለ ልጁ እየሳቀ፣ መኪናውን ይዞ ወጣ። አይ ልጅነት!

በማግስቱ ጠዋት ፒካፑ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ በረንዳው ፊት ቆመ። የሙሉነሽ ወንድም በሪሁን ገመዱን ያጠብቃል፤ ጎረቤቱ ከቦ ይመርቃል። ሙሉነሽ የልጇን ራስ በመስኮት ስባ እየሳመች ሳለ አስናቀው ሲባጎውን በእጁ እንደጠቀለለ እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ይህ መኪና ዛሬ ባይወጣ ይሻላል። ይህን ጭነት ይዞ የአባይን ቁልቁለት ቢወርድ…»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት። «በመንገደኛ ፊት? አታሟርት!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ስለ ጎማው ነው።»

«የምን ጎማ! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጨርሰህ ተናገራትና ዓይንህን አላይም!»

«ተው እንጂ አስናቀው፣ ደግ ደጉን ተናገር» አለው የከበበው ሰው። ውብሸት መሪውን ይዞ በእናቱ ቁጣ እያፈረ ፈገግ አለ። አስናቀው አንዴ ጎማውን፣ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እናቲቱን አየ። ከዚያ ሲባጎውን ኪሱ ከተተና እሱም እንደ ሰው ሁሉ «በሰላም ግባ» አለ።

«እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ!» ብላ ሙሉነሽ ልጇን ሸኘች።

አባይ ቁልቁለት ላይ ከኋላው የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር እንደተናገረው፣ ውብሸት ኩርባው ላይ በሁለት እጁ መሪውን ወደ ቀኝ ይጎትት ነበር። መኪናው እንቢ አለው። ጨውን የሚያህል ጭነት ከኋላ እየገፋው፣ እነዚያ ሸፋፋ ጎማዎች ወደ ግራ እየሳቡት፣ ልጁ እየታገለ ገደል ገባ። ወደ መርካቶ የተመለሰው በሰው መኪና፣ ይዞት በሄደው አቡጀዲ ተጠቅልሎ ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሰው ሞላ። አስናቀው መግቢያው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። በሪሁን ሲያየው ደሙ ፈላ።

«አንተ ደግሞ ምን ልታይ መጣህ? መኪናውን ፎቅ አድርገህ ልጃችንን የገደልክ አንተ! ነገ ፖሊስ ጣቢያ ታገኘኛለህ። መርካቶ ውስጥ ብሎን እንኳ የሚያስፈታህ ሰው አይኖርም!»

ሰውም አጉረመረመ። አስናቀው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምን ይበል? ለአንድ ልጅ እናት አፈሩ ሳይደርቅ «ነግሬሽ ነበር» ይባላል? የኛ ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ይነቅዛል እንጂ! ነቅዞ ሰው ይበላል።

ሙሉነሽ ሁሉንም ሰምታለች። አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይላትም፤ ጥፋቱ በአስናቀው ተለጥፎ ይቀራል፣ የሱም እንጀራ ይዘጋል። ልቧ አንዴ ዝም በይ አላት። ከዚያ የልጇ ፈገግታ ታያትና ተነሳች።

«በሪሁን፣ ተቀመጥ። እሱ ሊነግረኝ መጥቶ ነበር፤ ገመዱን እያጠበቅህ ሰምተሃል። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሐዘኑ ነው፤ ዝም በይ» አሏት ሴቶቹ እየጎተቱ።

«ዝም አልልም! ዝም አሰኝቼ ነው ልጄን የቀበርኩት!»

አስናቀው ሊገታው ያልቻለው እንባ አመለጠው። «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም፣ እትዬ።»

«አልነበረብህም» አለችው። ነጠላዋን ጣለችለት፤ እሱም ጫፉን ይዞ እንባውን ጠረገ። በሪሁንም ተቀመጠ።

ከአርባው በኋላ የጎረቤቷ የሸዋርካብሽ ልጅ ደምመላሽ ጭነቱን ጭኖ ሊወጣ ሆነ። ሰዉ ከቦ ሲመርቅ ሙሉነሽ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ ከመኪናው ፊት ቆመች።

«ይህ መኪና ጭነቱን እንደያዘ ተለክቷል? ጎማው ቢስትስ?»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ሸዋርካብሽ ወዳጇ ናት፤ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው እትዬ ሙሉነሽ፣ በኔ ልጅ ታሟርቺ?»

«አዎ፣ አሟረትኩ። ስደቢኝ፣ ከቤትሽም አታስገቢኝ። እኔ የኔን የሸኘሁት በመልካም ቃል ነበር።»

ሸዋርካብሽ ወደ ልጇ ዞረች። ደምመላሽ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። አስናቀው ተጠርቶ መጣ፤ ከፊት ጎማው ሥር ተንበርክኮ ሲባጎውን ፈታ። ሙሉነሽ ሌላኛውን ጫፍ ተቀብላ በኋላ ጎማው ላይ ያዘችለት፣ ለክቶ እስኪጨርስም አልለቀቀችም።