በመሐረቡ ላይ የቀረው ቀለም

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በልጁ የማይመካ አባት የለም፤ የፓርኪንግ ሠራተኛው ንጉሡ ግን አበዛው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ሩሃማ በሸራ ጀልባ ትወዳደር ነበርና፣ ጀልባ በፎቶ ብቻ የሚያውቀውን የማኅበር ሰው ሁሉ ስለ ንፋስ አቅጣጫ እያስተማረ አሰለቸው። በፈረንጆቹ 2014 በጋ፣ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዳር ባለው ወንዝ ላይ ከአራት አገር የመጡ ወጣቶች ሲወዳደሩ፣ አንደኛ የወጣ ብቻ ሆላንድ ለሚደረገው ትልቁ ውድድር ያልፋል ተባለ። ሩሃማ አንደኛ ገባች። ንጉሡ ከዳር ሆኖ የሴት እልልታ ሳይቀር አቀለጠው፤ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ላወቀው ሁሉ ደወለ።

ደስታው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ሁለተኛ የወጣችው ካናዳዊት፣ ሩሃማ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብርቱካንማ የመዞሪያ ምልክት በጀልባዋ ነክታለች ብላ ለዳኞች አቤት አለች። ሕጉ፣ የነካ ሰው እዚያው ባለበት አንድ ዙር ዞሮ ይቀጣ ይላል፤ ሩሃማ አልዞረችም።

ንጉሡ ነገር ሲበላሽ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ። ደግነቱ ጋሽ ልሳነወርቅ አብረውት መጥተው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ዳኞቹን እርስዎ ያናግሩልኝ። የካናዳዋንም ልጅ እናስታርቃት" አላቸው።

"መጀመሪያ ልጅህን ጠይቃት" አሉት።

ጋሼን እዚያው ትቶ ብቻውን ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ፣ ሩሃማ ጎንበስ ብላ የጀልባዋን ጎን ታይ ነበር። ጣት የምታህል ብርቱካንማ ቀለም እዚያ ላይ ተለቅልቃለች።

"ዳድ፣ ስዞር የሆነ ነገር ፊል አድርጌ ነበር። የውሃው ዌቭ የገፋኝ መስሎኝ ነው" አለችው።

ንጉሡ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው የለም። መሐረቡን በምራቁ አርሶ ቀለሟን ፈትጎ ፈትጎ አጠፋት።

"አሁን ምንም የለም። አንቺ ዝም በይ፤ ጋሼ ይናገራሉ።"



ጉዳዩ በጀልባ ክለቡ ክፍል ውስጥ ታየ፤ አባትና ሽማግሌም ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ዳኛ ብዙም ጊዜ አልፈጁ። አቤት ባይዋ በሕጉ መሠረት እዚያው ውሃው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም፤ ስለዚህ አቤቱታው ውድቅ ነው አሉ። ካናዳዊቷ አንገቷን ደፋች። ንጉሡ ግን ነፃ መባሏን ለጋሼ ተረጎመላቸው፤ ሽማግሌም ሳያስፈልገው ሆላንድ ቁልጭ ብላ ታየችው።

ያኔ ሩሃማ እጇን አወጣች። በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ተናገረች።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ በሹክሹክታ።

ንጉሡ የግዱን ተረጎመ። "ነክቻለሁ፣ ቀለሙን በዓይኔ አይቻለሁ አለች። ከውድድሩ ወጥቻለሁ፣ አንደኝነቱ የእሷ ነው አለች።"

"ነፃ ነሽ ብለዋት የለም እንዴ?"

"ብለዋታል።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሰው ለእሳቸው ይነሣል እንጂ እሳቸው ለልጅ ሲነሡ ያየ የለም። "ስንቱን ሸምግያለሁ" አሉ፤ "ረትቶ ሳለ በራሱ ላይ የመሰከረ ግን ዛሬ ገና አየሁ።" ሩሃማ ከክፍሉ እስክትወጣ ድረስ አልተቀመጡም። ንጉሡም ተነሣ። በልጁ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም፤ በራሱም እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከበበው። "ሆላንድ መቼ ነው ታዲያ?" አሉት።

"አትሄድም" አለና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። መሐረቡ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ከሩሃማ በቀር ያየው የለም፤ እሷም ዳኞቹ ፊት የአባቷን ስም አላነሣችም። ቢዘለው ማን ያውቅበታል?

መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

"ቀለሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለ።