ጉሙ ሲገለጥ

ፈህሚዳ ከሶፖር ወደ ስሪናጋር በጠዋቱ ባቡር ስትመላለስ የመስኮት ዳር ወንበሯን ለማንም አትለቅም ነበር። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ደም መመርመር ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ተዘግታ ስለምትውል፣ በዚያ በረዷማ ወራት የቀን ብርሃን የምታየው መንገድ ላይ ብቻ ነው። እሱንም በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፦ በረዶ ያጎበጣቸውን የፖም ዛፎች፣ ረግረጉ ላይ የተኛውን ጉም፣ ከተራራው ጀርባ ቀስ እያለ የሚቀላውን ሰማይ።

«ደግሞ ጉም!» ትላታለች አብራት የምትሳፈረው ሐፊዛ። «የትናንቱ ምን ጎደለውና ነው?»

«የትናንቱ ግራጫ ነበር፤ የዛሬው ሰማያዊ ነው።»

«አንቺን የሚያገባ ሰውዬ አሳዘነኝ!»

አንድ ጠዋት ግን ሐፊዛ ሳትስቅ ገባች። ረግረጉ አጠገብ ካለው ጣቢያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ይዛ ነበር የተሳፈረችው፤ ጎረቤቷ ዙና ናቸው። ልጃቸው ኢምቲያዝ የረገጠው በረዶ ተሰብሮበት ረግረጉ ውስጥ መሞቱን የማያውቅ የባቡሩ ደንበኛ አልነበረም።

«ፎቶ የምታነሺው አንቺ ነሽ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ለሙቀት የያዙትን የፍም ማሰሮ ካባቸው ውስጥ እንዳቀፉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ የሞተ ዕለት ጠዋት አንስተሽ ነበር?»

ፈህሚዳ አንስታ ነበር። ስልኳን እየነካካች ሳለ ሴትዮዋ መናገራቸውን አላቆሙም።

«ተጣልተን ነበር። ‹ከቤቴ ውጣልኝ› አልኩት፤ ይኼ አፌ! ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። በረዶው ላይ የወደቀው ማዶ ወዳለው የመኪና መንገድ ሲሄድ ይሁን፣ ሐሳቡን ለውጦ ሲመለስ፣ ያየ ሰው የለም። እኔ ያንን ብቻ ልወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፎቶው ተገኘ። በሰማያዊው ጉም መሐል አንድ ጥላ የመሰለ ሰው በቀጭኑ መንገድ ላይ ቆሟል። ፊቱ ነው ጀርባው፣ አይለይም። ዙና ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

«እሱ ነው። ትከሻውን አየሽው፣ ሐፊዛ? ወደ እኛ ነው የዞረው... አይደል? ወደ ቤት ነው አይደል?»

ፈህሚዳ ከዚያኛው ፎቶ ቀጥሎ ሌላ እንዳለ ታውቃለች። ባቡሩ ጥቂት እልፍ እንዳለ ፀሐይ ጉሙን ለአፍታ ሰንጥቃው፣ እሷም በደስታ ደግማ አንስታ ነበር። በዚያኛው ላይ በልጁ ጀርባ ያለው ቦርሳ ወለል ብሎ ይታያል። ፊቱን ወደ መኪናው መንገድ አዙሮ በረዶውን መሻገር ጀምሯል።

«ሌላ የለም?» አሉ ዙና።

«የለም፣ እማማ። ከዚያ በኋላ ጉሙ ሸፈነው።» ስልኩን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደች። «ወደ ቤት ነው የሚመጣው።»

ሴትዮዋ ካባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በሚቀጥለው ጣቢያ ሲወርዱ ፈህሚዳን ግንባሯን ስመው መረቋት።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሐፊዛ፣ «ያን ዕለት እኮ ፀሐይ ወጥታ ነበር» አለች። «‹እዪልኝ፣ እዪልኝ!› ብለሽ አሳይተሽኛል።»

«አውቃለሁ።»

ሐፊዛ እስከ ስሪናጋር ድረስ እጇን ይዛት ሄደች።

ፈህሚዳ ሁለተኛውን ፎቶ ለማጥፋት ብዙ ጊዜ ሞክራለች። ጣቷ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ይከብዳታል፤ ልጁን በሕይወት ሳለ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ከዚያ ሌላ ነገር የለማ። የመጀመሪያውን ግን አሳትማ፣ ለአርባው ቀን ለዙና ይዛላቸው ሄደች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ዙና ፎቶውን ተቀብለው ለእንግዶቹ ሁሉ እያዞሩ አሳዩ።

«ተመልከቱ፣ ሊታረቀኝ እየመጣ ነበር» ይላሉ። «ልጄን የመለሰችልኝ ይቺ ናት፤ ሻይ ስጧት እንጂ!»

እንደ አገሩ ልማድ ጨው ያለው ትኩስ ሻይ ተቀዳላት። ሁሉም ዓይኑን ጥሎባታል። ፈህሚዳ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና፣ ሁለተኛው ፎቶ ያለበትን ስልክ ኪሷ ውስጥ በመዳፏ ሸፈነችው።