ችንጋው የተበጠሰበት ሽምግልና

አምላኩ ትሬለሩን የገዛው ሽርሽር አምሮት አይደለም። ሮሚን ለማግባት ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ካለ ጋሽ ገብረመድኅንን አያውቃቸውም ማለት ነው።

ጋሽ ገብረመድኅን የሮሚ አባት ናቸው። ካልጋሪ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ሜካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ሬድስቶን ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው አንድ ሞተርሆም ገዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ካምፕ እየቀያየሩ ካናናስኪስ ተራራ ሥር ነው የሚኖሩት። ማንም ቢጠራቸው ከተማ አይወርዱም። «የፈለገኝ ቤቴ ይምጣ» ይላሉ፤ ቤታቸው ደግሞ ጎማ አለው። ባለፈው ዓመት ሮሚ «ጓደኛዬ ነው» ብላ አምላኩን ወስዳ ስታስተዋውቃቸው፣ እጁን እንደጨበጡ ሞተሯ ገና ያልጠፋውን ግራጫ ፒክአፑን አዳመጧትና «ይቺ መኪና ምን ሆና ነው የምታቃስተው?» አሉት። «ምንም አልሆነችም» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የተናገሩት ነገር ቢኖር «ሻይ ጨምሪለት» ብቻ ነው። ማታ ግን፣ መኪናው ስትታመም የማይሰማ ሰው ያስፈራኛል ማለታቸውን ሮሚ አልደበቀችውም።

አምላኩ የአውቶቡስ ነጂ ነው። አውቶቡሱ ሲያመው ጋራዥ ያለ ሌላ ሰው ስለሚያክመው እሱ ልማዱ የለውም። ቢሆንም ክረምቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና፣ ሽማግሌ ሲልክ ሽማግሌዎቹ እንደ እሳቸው ትሬለር ይዘው ቢደርሱ የሰውየው ልብ ይራራል ብሎ ደመደመ። ሮሚ «ጀስት በመኪና ሂዱ፣ እንደ ኖርማል ሰው» ብትለው አልሰማ አለ። ዶቨር ሰፈር ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጓሮ፣ ሁለት አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት የሃያ ስድስት ዓመት ትሬለር ገዛ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ቪዲዮ እያየ ጣሪያዋን አሸገ፣ የጎማዋን ኩሽኔታ ፈትቶ ግሪስ ቀባ፣ የጋዙን ቱቦ በሳሙና አረፋ ፈተሸ፣ ፍሬኗን አሰረ፣ መብራቷን ቀጠለ። አዲስ መጋረጃ ሳይቀር ሰቀለላት።

በዚህ መሐል የምትጎትተው ፒክአፕ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ቺርርር ትል ጀመር። ሦስት ሳምንት አለች። አምላኩ ሬድዮውን ጨመረ። ሐሳቡ ሁሉ ከኋላ ስለነበር ከፊት ያለችውን ረሳት።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ፎረስት ሎን ሰፈር፣ የጋሽ ሰላሃዲን ሱቅ በር ላይ ተሰበሰቡ። መሪያቸው ጋሽ ፀጋዬ ናቸው፤ እዚሁ ካልጋሪ ዘጠኝ ጊዜ ልጅ ጠይቀው ዘጠኙንም አግኝተዋል፤ ይህን ሳይሰማ የቀረ ሰው እንዳይኖርም ተግተው ይሠራሉ። ጋሽ ሰላሃዲን የወሎ ሰው ናቸው፤ ነገር በማለዘብ የሚደርስባቸው የለም። ሦስተኛው ጋሽ ክብረት የጋሽ ገብረመድኅን የድሮ ጎረቤት ሲሆኑ፣ የተመረጡት ዝም ማለት ስለሚችሉ ነው።

በወጉ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን ከሦስቱ መሐል ትሬለር ጎትቶ ዳገት የሚወጣ አልተገኘም። ስለዚህ አምላኩ ሊነዳ፣ ካምፑ በር ላይ ሊያወርዳቸው፣ ጉዳዩ እስኪያልቅም ትሬለሩ ውስጥ ሊደበቅ ተስማሙ።

«ሳል አለብህ?» አሉት ጋሽ ፀጋዬ።

«የለብኝም ጋሼ።»

«ጥሩ። ማስነጠስም የለም።»

ከከተማ ሲወጡ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ጋሽ ፀጋዬ የሚናገሩትን እያሰማመሩ ይለማመዳሉ፤ ጋሽ ሰላሃዲን እየሳቁ ያርሟቸዋል፤ አምላኩ በመስታወት የትሬለሩን መጋረጃ እያየ ብቻውን ፈገግ ይላል። ትልቁን ዳገት አጋምሰው ሲወጡ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። መሪው ድንጋይ ሆነ። የባትሪው መብራት በራ፤ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ተሰቀለ። አምላኩ መሪውን በሁለት እጁ ታግሎ መንገዱ ዳር ያለ ሰፊ የጠጠር መቆሚያ ላይ አወጣትና አጠፋት። ኮፈኑን ሲከፍት ዳይናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ መሪውንም የሚያሠራው ችንጋ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል።

«ይቀጠላል?» አሉ ጋሽ ፀጋዬ አንገታቸውን አስግገው።

«አይቀጠልም ጋሼ። አሁን መኪና ለሚያነሱት ለሮድሳይዶች ኮል አድርጌያለሁ፤ ሎንግ ዊክኤንድ፣ የበዓል ቅዳሜ ስለሆነ አምስት ሰዓት ይፈጃል አሉኝ።»

ጋሽ ክብረት የመኪናዋን ሞዴልና ዓመት ጠየቁት። ለጨዋታ መስሎት ነገራቸው። እሳቸውም ራቅ ብለው ስልክ ሲያወሩ ቆይተው ተመለሱ።

«ችግር የለም» አሉ፤ ጥያቄዋ ካልተቆጠረች ከጠዋት ጀምሮ የተነፈሱት የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ሜካኒክ አግኝቻለሁ። ካንሞር ከተማ ችንጋውን ገዝቶ ይመጣል።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ ጋሽ ፀጋዬ። «የማን ጋራዥ ነው?»

«ጋራዥ አይደለም። ገብረመድኅን ነው።»

ጋሽ ፀጋዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ወደ ላይ ሳቡ።

«የትኛው ገብረመድኅን?» አሉ ጋሽ ፀጋዬ፣ እያወቁት።

«እኔ ሌላ ሜካኒክ አላውቅም» አሉ ጋሽ ክብረት፤ ወደ ዝምታቸውም ተመለሱ።

አምላኩ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ጉዱ ፈላ። ሰውየው መኪና ሲታመም የማይሰማ ሰው ያስፈራኛል ያሉት እሱን ነው፤ አሁን መኪናዋ ሞታ፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ሊያገኙት ነው። ጋሽ ፀጋዬ ግን በዘጠኝ ሽምግልና የተፈተኑ ሰው ናቸውና ቶሎ ነቁ። «ትሬለሩ ውስጥ ግባ። እኛ እናውቃለን» አሉት። አምላኩ ገባና ሊታይ የማይችልበትን ቦታ ሲፈልግ ሻወር ቤቱን አገኘ። ቁመቱ ስለማይበቃ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ፣ ጭስ መውጫ በምታህል መስኮት አንድ ዓይኑን አውጥቶ ቆመ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረመድኅን በሰማያዊ ቱታ ከተፍ አሉ። ሽማግሌዎቹን ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ሳሟቸው፤ ነጭ ነጠላ ለብሰው ሃይዌይ ዳር ምን እንደሚያደርጉ ግን አልጠየቁም።

«ሹፌራችሁስ?»

«አለ፣ ቅርብ ነው» አሉ ጋሽ ሰላሃዲን። ቃሉ ውሸት የለበትም።

ሜካኒክ ሜካኒክ ነውና ጋሽ ገብረመድኅን ወደ ኮፈኑ ከመሄዳቸው በፊት ትሬለሩን ዞረው አዩት። ጎማውን ነኩ፤ ኩሽኔታው ግሎ እንደሆነ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ሰንሰለቱ መስቀለኛ መታሰሩን አዩ፤ የጣሪያውን እሽግ በጣታቸው ጫን አደረጉ። አንድ ጊዜ ግድግዳውን ኳ ኳ ሲያደርጉ በእጃቸውና በአምላኩ ሆድ መሐል ያለው ስስ ጣውላ ብቻ ነበር።

«ይቺን የያዘ ሰው ይባረክ» አሉ። ከዚያ ኮፈኑ ውስጥ ገብተው የችንጋውን ቁራጭ ይዘው ወጡ። «ፒክአፗን የያዘው ግን አህያ ነው። ይሄ ዛሬ አልተበጠሰም። ወር ሊሞላው ነው ሲጮህ።»

አምላኩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተባርኮ አህያ ሆነ፤ የትኛውን እንደሚቀበል አላወቀም።

ጋሽ ገብረመድኅን ከመኪናቸው ኋላ ሦስት ታጣፊ ወንበር አውጥተው ጠጠሩ ላይ ደረደሩ። «ተቀመጡ። እኔ በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ።» ሦስቱም አልተቀመጡም። ነፋሱ አንዱን ወንበር ገለበጠው። ጋሽ ገብረመድኅን አንስተው አቆሙት። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ ደግመው።

ጋሽ ፀጋዬ ነጠላቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ። «አንቀመጥም» አሉ።

ጋሽ ገብረመድኅን አዲሱን ችንጋ እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሦስት ሽማግሌ ቆመው አንቀመጥም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ መልስ ሳያገኝ ወንበር አይነካም።

«እዚህ?» አሉ።

«ወደ ቤትዎ እየመጣን ነበር፤ እርስዎ ቀደሙን» አሉ ጋሽ ፀጋዬ፤ የተለማመዱትንም ጀመሩ። የዘር ሐረግ ላይ ሲደርሱ አንድ ትልቅ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲጨርሱ ጋሽ ገብረመድኅን «ልጁ ማን ነው?» አሉ።

«አምላኩ ነው። ያውቁታል።»

ጋሽ ገብረመድኅን ትሬለሩን አዩ፤ ፒክአፗን አዩ። አልበርታ ውስጥ ከሰው ይልቅ ግራጫ ፒክአፕ ይበዛል፤ ይቺ ደግሞ ሞተሯ ስለማይሠራ በድምፅዋም ሊለይዋት አልቻሉም። «እነዚህ የሱ ናቸው?»

ጋሽ ፀጋዬ ዘጠኙ ድላቸው በዓይናቸው መጣባቸው። «ትሬለሯ የሱ ናት፤ በገዛ እጁ ያደሳት። ፒክአፗ ግን የሰው ናት፤ ለዛሬ የተዋሳት።»

ጋሽ ሰላሃዲን መሬት መሬት አዩ።

አምላኩ ሻወር ቤት ውስጥ ተነፈሰ። ተረፈ። ከእንግዲህ ማድረግ ያለበት ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ሮሚ የሱ ናት። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በአማቱ ፊት የገዛ መኪናውን የሰው ናት እያለ ሲኖር ታየው። ባለፈው ዓመት «ምንም አልሆነችም» ያለውም ትዝ አለው። አፈረ። ሳያስበው በሩን ገፋ፤ ሲወጣ ጭንቅላቱን ከላይኛው ጠርዝ ጋር አጋጨ።

«የኔ ናት ጋሼ» አለ ግንባሩን ይዞ። «ሁለቱም የኔ ናቸው። ሦስት ሳምንት ስትጮህ ሰምቻታለሁ፤ ሬድዮ ጨምሬ ነው የተውኳት። አምናም ሲጠይቁኝ እየሰማሁ ነው ምንም አልሆነችም ያልኩዎት። አፍሬ ነው።»

ጋሽ ፀጋዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቅርብ ነው ብዬዎት አልነበር» አሉ ጋሽ ሰላሃዲን ለስለስ አድርገው።

ጋሽ ገብረመድኅን አምላኩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ከየት ነው የወጣኸው?»

«ከሻወር ቤት።»

«ስንት ሰዓት ቆምክ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

ፂማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቁም። ችንጋውንና መፍቻውን ዘረጉለት። «እኔ አልነካትም። አንተ ግጠም።»

ግማሽ ሰዓት የተባለው አንድ ሰዓት ሆነ። አምላኩ ችንጋውን ሁለት ጊዜ አዙሮ አገባው፤ ሁለት ጊዜ አስወጡት። የጣቱ ቆዳ ተላጠ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጋሽ ገብረመድኅን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በአገጫቸው ብቻ ያሳዩታል። ከኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በነፋስ ውስጥ ከባዶ ወንበሮቻቸው አጠገብ ቆመዋል። ጋሽ ክብረት ጉልበታቸው ሲደክም የወንበሩን ጀርባ በሁለት ጣት ደገፍ አሉ። ጋሽ ፀጋዬ ጉዳዩን ካሰቡበት በኋላ መደገፍ መቀመጥ አይደለም ብለው ፈረዱ።

ሞተሩ ሲነሳ ጋሽ ገብረመድኅን ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «አጥፋት» አሉት፤ ሌላ ምንም አላሉም። ስልካቸውን አወጡና ደውለው ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ባባ?» አለች ሮሚ።

«ሦስት ሽማግሌዎች ሃይዌይ ዳር ቆመውብኛል። ወንበር ብሰጣቸው አንቀመጥም አሉ።»

«ኦ ማይ ጋድ። ሃይዌይ ላይ? ባባ፣ የጋሽ ክብረት ጉልበት እኮ...»

«እሱን ተይው። ምን ልበላቸው?»

«አምላኩስ የት ነው?»

«እዚሁ ነው። መኪናዋን ሠርቷታል። ያበላሻትም እሱ ነው፤ እሱንም ራሱ ነገረኝ።»

ሮሚ ሳቀች። «እኔ እወደዋለሁ ባባ። ዩ ኖው ዛት። አንተስ?»

ጋሽ ገብረመድኅን ስልኩን ዝቅ አድርገው ወደ ተራራው አዩ። አምላኩ የሚያደርገው ጠፍቶት ጥቁር እጁን በሱሪው ይጠርጋል፤ ሱሪው ለሽምግልናው ቀን ተብሎ የተገዛ አዲስ ነው። ጋሽ ክብረት እንኳ የወንበሩን ጀርባ ለቀዋል።

«ስህተት እንዳለበት አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «እኔም አለብኝ። ሳይጠየቅ ወጥቶ ይናገረዋል አላልኩም ነበር።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

መጀመሪያ ጋሽ ክብረት ተቀመጡ፤ ወደቁበት ቢባል ይቀላል፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ጋሽ ሰላሃዲን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተከተሉ። ጋሽ ፀጋዬ አሥር የሞላለት ሰው በሚገባው እርጋታ ነጠላቸውን ሰብስበው በመጨረሻ ተቀመጡ። አምላኩ ሦስቱንም አንድ በአንድ ሲቀመጡ አየ፤ ከዚያ እሱም ከጎማው ሥር ጠጠሩ ላይ ዘጭ አለ። ፊቱን በግሪስ እጁ ሸፍኖ ይስቃል፤ ማቆም አልቻለም።

ጋሽ ገብረመድኅን አራተኛ ወንበር አልነበራቸውም። ቱታቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቡ ጠጠሩ ላይ አረፉ።

«ሄሎ? ባባ?» አለች ሮሚ ከስልኩ ውስጥ። «ተቀመጡ?»

«ሁላችንም» አሉ።